በጋራ ቢሮ ውስጥ ባልደረባ ማን ነው?



ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ በተነሣ ቁጥር ዘወትር ወደ አእምሯችን የሚመጣው አሠሪና ተቀጣሪ፣ ደመወዝና የዕረፍት ቀን ነው። ለማንም ሳይቀጠሩ፣ ማንንም ሳይቀጥሩ፣ ሥራን በውል እየተቀበሉ ስለሚኖሩ ሰዎች ግን እምብዛም አንነጋገርም። እነዚህም ተርጓሚዎች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ የኅትመት ሥዕል የሚያዘጋጁ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ፣ እንዲሁም ሁለትና ሦስት ሠራተኛ ብቻ ያሏቸው ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት ሰዎች ናቸው። በብዙ ትላልቅ ከተሞች እነዚህ ወገኖች በአንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ጠረጴዛና ለአንድ ወንበር በየወሩ እየከፈሉ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ሁለታችን በአዲስ አበባ እንዲህ ባለ አንድ የጋራ ቢሮ ውስጥ ወንበር ከያዝን አራት ዓመት ሆኖናል። ቀጥሎ የምናነሣው ጥያቄም እዚያው ያገኘን ነው።

ከጠረጴዛችን በስተቀኝ በዕድሜ የገፉ አንድ ተርጓሚ ይቀመጡ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፤ ኮታቸውን በወንበሩ ጀርባ ላይ ያኖራሉ፤ ሁለት ወፍራም መዝገበ ቃላት ከቦርሳቸው አውጥተው እንደ ግድግዳ በፊታቸው ያቆማሉ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያችን አንድ ስለ ነበር በየጠዋቱ «ይቅርታ፣ ልሰካ» እንባባላለን። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ፣ እሳቸው የአንዱን ቃል ዘር ከሌላው እያወጡ ያጫውቱናል። ያቀረብነውን ደብዳቤ ሁሉ ሳይሰለቹ ያርሙልን ነበር። አሥራ አንድ ወር እንዲህ ሆኖ አለፈ። አንድ ሰኞ ወንበራቸው ባዶ ሆነ፤ ማክሰኞም እንደዚያው። በሳምንቱ ሌላ ሰው ተቀመጠበት። «ቋሚ ሥራ አግኝተው ይሆናል» ተባባልን፤ ደስም አለን። ከዚያ በኋላ ስማቸውን ያነሣ አልነበረም።

ከሰባት ወር በኋላ በአንድ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘናቸው። ከስተዋል። ሥራ ይሰጣቸው የነበረው ድርጅት ውሉን አቋርጦባቸው ኖሯል፤ የሁለት ወሩን ኪራይ ካጠራቀሙት ከፈሉ፤ ለሦስተኛው አልደረሰም። ስለዚህ በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ እኛ ሁላችን እስክንወጣ ቆይተው፣ መዝገበ ቃላቶቻቸውን ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የደም ግፊት አልጋ ላይ ጥሏቸው እንደ ነበር ነገሩን። እኛ አፍረን «ምነው ጋሼ፣ ለምን አልነገሩንም?» ብንላቸው፣ ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፦ «ምን ብዬ ልንገራችሁ? እናንተስ ምኔ ሆናችሁ ትጠይቁኛላችሁ? ዘመድ አይደለን፣ ጎረቤት አይደለን፣ የሥራ ባልደረባም አይደለን። ተከራዮች ነበርን እኮ፣ ልጆቼ።»

ይህ አነጋገር ወቀሳ ቢሆን ኖሮ በቀለለን ነበር። ለወቀሳ ይቅርታ ይጠየቅበታል። እሳቸው ግን አልወቀሱንም፤ የሚያውቁትን እውነት የነገሩን መስሏቸው ነው። እውነት ነውን? የዛሬ ጽሑፋችን ጥያቄ ይኸው ነው። ጎን ለጎን የሚያስቀምጣቸው ኪራይ ብቻ የሆነ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ምን ዕዳ አላቸው?

እንዲህ ያለው ቢሮ እንዴት እንደ ተጀመረ ማወቅ ለመልሱ ሳይጠቅም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ብራድ ኒውበርግ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ በአንድ ችግር ተያዘ። ተቀጥሮ ሲሠራ ነፃነቱን ያጣል፤ በግሉ ሲሠራ ደግሞ ብቸኝነቱ አያስቀምጠውም። ሁለቱን በአንድነት ለማግኘት ብሎ «ስፓይራል ሚዩዝ» በተባለ ቤት ውስጥ በሳምንት ለሁለት ቀን ቦታ ተከራየና የሚታጠፉ ጠረጴዛዎችን ዘርግቶ ሰው ይጠብቅ ጀመር። በመጀመሪያው ወር ማንም አልመጣም። ቆይቶ አንድ ሰው መጣ፤ ከዚያም ሌሎች ተከተሉ። አብረው ምሳ ይበሉ ነበር፤ ማታም ቤቱ በሰዓቱ ይዘጋ ነበር። ኒውበርግ ሐሳቡን የግል ንብረቱ አላደረገውም፤ ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ተወው። ልብ እንበል፤ ይህ ሰው ጠረጴዛ አልቸገረውም፤ ጠረጴዛ በቤቱም አያጣም። የቸገረው ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ለማኅበራዊ አገልግሎት የቆሙ 14 አነስተኛ ድርጅቶች በስፓዳይና ጎዳና ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ተሰባሰቡ። ስሙ «የማኅበራዊ ፈጠራ ማዕከል» ተባለ። የእነዚህ ምክንያት በመጀመሪያ ችግር ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የስብሰባ አዳራሽና የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ሊይዝ አይችልምና። ያን አሳብ በአገራችን ያሉ ማኅበራት ማስረጃ ሳይጠይቁ ይረዱታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ የቢሮ ኪራይንም ከዚሁ ወጪ ቆጠረው። ከእኛ ጋር አንድ ክፍል የሚጋሩት መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚረዱ ሁለት እኅቶች ለብቻቸው ቢሮ ይከራዩ ቢሉ ከልጆቹ ድርሻ ሊቀንሱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2011 «አይስአዲስ» ለወጣት ፈጣሪዎች የጋራ ቦታ ከከፈተ ወዲህ መሰሎቹ ተከትለዋል።

በኋላ ግን ነገሩ ትልቅ ንግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ የተቋቋመው «ዊወርክ» የተባለው ኩባንያ በብዙ አገሮች ፎቅ እየተከራየ፣ መልሶም ወንበር በወንበር እያከራየ፣ አንድ ወቅት 47 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል እስከ መባል ደረሰ። ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «እኛ እንሠራለን» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው «እኛ» የሚለውን ቃል የንግድ ምልክቱ ለማድረግ ሲል፣ ቃሉን አስቀድሞ በስሙ ይዞት ለነበረው፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ አዳም ኒውማን ላለበት ድርጅት 5.9 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ዋጋ ከፈለ፤ ነቀፌታ በበዛ ጊዜም ገንዘቡ ተመለሰ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። በሰው ውድቀት መሳለቅ አይገባንም፤ ከፍርድ ቤቱም በኋላ ሥራው ቀጥሏል። ነገር ግን «እኛ» የሚለው ቃል ባለቤት ወጥቶለት ዋጋ ሲቆረጥለት ማየት ያስደነግጣል። ይህን ጽሑፍ ራሱን «እኛ» እያልን የምንጽፍ ሁለት ሰዎች፣ ያን ቃል ስለ ጋሼ ጭምር ለአሥራ አንድ ወር በነፃ ስንናገረው ኖረናል። «እኛ ቢሮ መብራት ጠፋ»፣ «እኛ ቢሮ ቡና ተፈልቷል» እንል ነበር። እሳቸው ሲሄዱ «እኛ»ው አልጎደለም።

አሁን ወደ ተጠየቀው እንመለስ። በሕግ ዐይን ካየነው ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው። እያንዳንዳችን የተዋዋልነው ከቢሮው ባለቤት ጋር እንጂ እርስ በርሳችን አይደለም። ኪራያችንን ከከፈልን፣ ድምፃችንን ዝቅ ካደረግን፣ ሲኒያችንን ካጠብን ግዴታችን አበቃ። ሆኖም አንድ ነገር ያስቸግራል። ወንበሩን ስንከራይ የተከፈለው ዋጋ የእንጨቱና የመብራቱ ብቻ ነበርን? አይደለም። በቢሮው ማስታወቂያ ላይ ከኢንተርኔቱም፣ ከጄኔሬተሩም በፊት የተጻፈው «ማኅበረሰብ» የሚል ቃል ነበር። ባዶ ክፍል ቢሆን ኖሮ በዚያ ዋጋ ባልተከራየነው። የገዛነው የሌሎችን መኖር ነው፤ ጠዋት ስንገባ ቀድሞ የበራ መብራት፣ በድካም ሰዓት ቀና ብለን የምናየው ፊት፣ ስለ አንድ ቃል የምንጠይቀው አዋቂ። የዚያ ዋጋ ግን ለጋሼ አልደረሳቸውም፤ እሳቸውም ከፋይ ነበሩና። የተቀበልነው ከአንዱ፣ የከፈልነው ለሌላው ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ተዘጋ ማለት አንችልም። ሒሳብ አዋቂ የሆነው የቢሮው ጓደኛችን ይህን ስንነግረው ቢስቅም፣ ስሕተቱ የት እንደ ሆነ ሊያሳየን አልቻለም።

አርስቶትል «ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ ወዳጅነትን ሲከፋፍል፣ በጥቅም ላይ የቆመው ወዳጅነት ጥቅሙ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ አስተምሯል። የጋራ ቢሮ ወዳጅነት ከዚህ ወገን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ፈላስፋው ይህን የተናገረው የሚሆነውን ሲገልጽ ነው፤ ጥቅሙ ያለቀበትን ሰው ወድቆ ሳለ አልፎ መሄድ ተገቢ ነው ማለቱ አይደለም።

በሌላ በኩል የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት ወጣት የኅትመት ሥዕል ባለሙያ አለች። ቀድሞ ትሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት አለቃዋ የገባችበትንና የወጣችበትን ደቂቃ ይቆጥር፣ ስልኳን ማን እንደ ደወለላት ይጠይቅ ነበር። ለእርሷ የጋራ ቢሮው ትልቁ ጸጋ «የት ዋልሽ? ምነው ዘገየሽ?» የሚላት አለመኖሩ ነው። ይህን የምትለው ከሰው ጠልታ እንዳይመስለን። በእኛ ባህል መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከመቆጣጠር ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ቃል ከፍቅር ሊወጣ ይችላል፤ ከወሬ ጥማትም ሊወጣ ይችላል፤ ተጠያቂው ደግሞ የትኛው እንደ ሆነ ወዲያው ያውቃል። ጋሼም ቢሆኑ ማታ ሰው እስኪወጣ የጠበቁት ዐይናችንን ሸሽተው ነው። ብንደውልላቸው ኖሮ ምናልባት ያፍሩ ነበር። ታዲያ ዝም ማለታችን ክብራቸውን መጠበቅ ነበር እንበል? እንዳንል የሚከለክለን አንድ ነገር አለ፤ በዚያን ጊዜ ስለ ክብራቸው አላሰብንም። ስለ እሳቸው ጭራሹን አላሰብንም። ሳያስቡ የቀሩትን ነገር በኋላ አክብሮት ብሎ መሰየም ራስን ማታለል ነው።

ጋሼ ያነሡትን «ባልደረባ» የሚለውን ቃል እሳቸው ራሳቸው በአንድ የጨለማ ሰዓት ተንትነውልን እንደ ነበር ያስታወስነው ዘግይተን ነው። ዛሬ ባልደረባ ስንል በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮ የሚሠራ ማለታችን ነው። በቀድሞው ዘመን ግን ባልደረባ በቤተ መንግሥት ለእንግዳ ወይም ለባለ ጉዳይ የሚመደብ ሰው ነበር። መንገደኛው ከሩቅ መጥቶ ደጅ ሲጠና፣ ቋንቋውንና ሥርዓቱን ሳያውቅ ሲቸገር፣ ጉዳዩን ወደ ውስጥ የሚያስገባለት፣ መልሱንም የሚያመጣለት፣ እንዳይረሳ የሚያስታውስለት እርሱ ነው። ባልደረባውና እንግዳው ወዳጆች መሆን አልነበረባቸውም። ባልደረባው የተሰጠው ሥራ ነው፤ ስለዚያ ሰው ይጠየቃል። ቃሉ ከዚያ ወደ እኛ ሲደርስ ጎን ለጎን መቀመጡ ቀረለት፤ ተጠያቂነቱ ግን በመንገድ ወደቀ።

ዕድራችንም በዚሁ መንገድ የቆመ ነው። የዕድር አባላት ተዋድደው የተሰባሰቡ አይደሉም፤ ብዙዎች ከጎረቤታቸው ጋር በአጥር ተካስሰው ያውቃሉ። ቢሆንም ጥሩምባ ሲነፋ ይወጣሉ፤ በለቅሶው ቤት ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን የሚንቁ ዘመናውያን አሉ፤ ፍቅር በገንዘብ መቀጮ አይመጣም ይላሉ። እውነት ነው፣ አይመጣም። ነገር ግን በመቀጮ ፍርሃት የመጣው ሰው ድንኳኑን ይተክላል፣ ሬሳውንም ያጅባል፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን አያድርም። ዕድር የጎደለውን ለማወቅ የማንንም ስሜት አይጠብቅም። በጋራ ቢሯችን ግን የኪራዩን ደረሰኝ የሚቆጥር እንጂ ሰዎችን የሚቆጥር አልነበረም።

ሌላ ቦታ ይህን ጉድለት ያዩ ሰዎች ነበሩ። የቶሮንቶው ማዕከል አባላትን የሚያስተዋውቁና የሚያቀራርቡ ሠራተኞች ቀጠረ፤ ከዚህም ሌላ ኪራይ ለመክፈል ለማይችል ሰው አንድ መንገድ ከፈተ፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት በመግቢያው ጠረጴዛ ተቀምጦ እንግዳ ይቀበላል፣ በምትኩ የሥራ ቦታ ያገኛል። ይህን ዝግጅት ስናነብ አዘንን፤ ለጋሼ የተቆረጠ ይመስላልና። እርግጥ ነው፣ ደመወዝ እየተከፈለው «ደኅና አደራችሁ» የሚል ሰው ሰላምታው ሰላምታ ነውን ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኛም ጠይቀናል። ነገር ግን የጥንቱም ባልደረባ ቢሆን ቀለቡ ከቤተ መንግሥት ነበር፤ ያም ሆኖ ያለ እርሱ ደጅ ላይ የሚቀሩ ብዙዎች ነበሩ።

ከዚያ የታክሲ ሰልፍ በኋላ ሁለታችን ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። የቶሮንቶውን አሠራር አጫወትናቸው። ሳቁና «እንግዲህ በስተርጅና ዘበኛ ልታደርጉኝ ነው?» አሉ። የቢሮው ባለቤት ደግሞ «አስብበታለሁ» አለን፤ እስካሁንም እያሰበበት ነው። ጋሼ አንድ ቅዳሜ መጥተው ቡና ጠጥተው ሄዱ፤ የቀድሞ ወንበራቸው ላይ ግን አልተቀመጡም።

በኪራይ ቀን ሁሉም በተገኙበት ሐሳብ አቀረብን። አንድ ወንበር ያለ ወሬ ሦስት ቀን ባዶ ከሆነ፣ የዚያ ወር ተረኛ ይደውል፤ ከ«ደኅና ነህ ወይ?» በቀር ሌላ ነገር አይጠይቅ። የሥዕል ባለሙያዋ ወዲያው «ይህ ሌላ አለቃ ነው» አለች። ክርክሩ ከቡናው አልፎ ሄደ። በመጨረሻ የወደደ ብቻ ስሙንና ስልኩን እንዲጽፍ ተስማማንና ወረቀቱ በማቀዝቀዣው ጎን ተለጠፈ። ከአሥራ አራታችን ዘጠኙ ጻፍን። የመጀመሪያው ጥሪ ደስ የሚል አልነበረም። የቀረው ወጣት የእኅቱን ሠርግ ለማየት ሐዋሳ ወርዶ ኖሮ፣ ከጭፈራው መካከል ስልኩን አንሥቶ «ቁጥሬን ማን ሰጣችሁ?» ብሎ ተቆጣን። በገዛ እጁ መጻፉን ረስቶታል። ይቅርታ ጠይቀን ዘጋን።

ይህን ጽሑፍ በምንጨርስበት ሳምንት የሥዕል ባለሙያዋ ወንበር ከሐሙስ ጀምሮ ባዶ ነው። ስሟ ከዘጠኙ ውስጥ የለም። ስልኳ ግን አለን፤ ባለፈው ዓመት ስለ አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ሥራ ሰጥታን ነበር። ከሁለታችን አንዱ፣ አልጻፈችምና ነፃነቷን እናክብር ይላል። ሌላው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ እያየው ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።